የሰባተኛው አዳራሽ ዓሦች ለምን አላደጉም

ውጭው አርባ ዘጠኝ ዲግሪ በሆነበት ቀን አፍዴራ የዓሣ ማርቢያ ጣቢያ ደርሼ መጀመሪያ የተረከብኩት ነገር ካፖርት ነው። ወፍራም፣ ባለ ኮፍያ፣ የቀድሞ ለባሹ ስም ደረቱ ላይ ተፍቆ የጠፋ። ፈርሜ ወሰድኩ። ጊዜው ሰኔ 2081 ዓ.ም. ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የጨው ሐይቁ ዓይን ያጥበረብራል፤ ከመስኮቱ ወዲህ ደግሞ ሠራተኞች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው በኮሪደሩ ያልፋሉ። ዓሣው ቅዝቃዜ ስለሚወድ አራት ሺህ ሰው በቅዝቃዜ ይኖራል።

አዲስ አበባ ይህን ዓሣ የምታውቀው ተቆርጦ፣ ነጭ ሆኖ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በድርሻ ሲታደል ነው። የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፤ እየተከራከርን እንበላዋለን። ሙሉውን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ስንት ዓመት አይቼው ገና አልለመድኩትም። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ አንድ ዐይን በግራ፣ አንድ ዐይን በቀኝ። ወር ከምናምን ሲሆነው አንደኛው ዐይን ከቦታው ይነሣና ግንባሩን ተሻግሮ ከሌላው ዐይን ጎን ይቀመጣል። ከዚያ ዓሣው በጎኑ ይተኛል፤ ዕድሜውን ሙሉም ወለል ላይ ተነጥፎ ይኖራል። የጣቢያው ሰዎች «ሰሌን» ይሉታል። ዐይኑ የተሻገረውን ደግሞ «ይኼ አደገ» ይሉታል፤ ገና የጥፍር ያህል ሆኖ።

ሌላ ዓሣ የሚመደበው በውኃው ልክ ነው፤ ሰሌን በወለሉ። ወለሉ በአንድ ንጣፍ ዓሣ ከተሸፈነ ጥግግቱ መቶ ይባላል። ደንቡ መቶ ሰማንያ ይፈቅዳል፤ ሁለት ንጣፍ ሊሆን ብዙም አይቀረው። ሰሌን ሌላ ሰሌን ላይ መተኛት አይጠላምና ይህ ጭካኔ አይባልም። የእኛም የመኖሪያ ድርሻ የሚለካው በወለል ነው። አዲስ አበባ ያለችው የእኔ አራት ካሬ ናት፤ ከላዬ የሚተኛው ጎረቤቴ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፤ እሱም የእኔን ሳል ይሰማል።

ስሜ አምሃ ይትባረክ ነው፤ ሥራዬ የዕድገት መዛኝ። አንድ አዳራሽ ማደግ ሲያቆም ይልኩኛል። አሥራ ሁለት ቀን ይሰጠኛል፤ በመጨረሻው ቀን ከሁለት ቃላት በአንዱ ላይ እፈርማለሁ፦ «ይቀጥል» ወይም «ይዘጋ»። ቅጹ ሦስተኛ ቃል የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ሦስተኛ ቃል አስፈልጎኝ አያውቅም።

የሰባተኛው አዳራሽ ዓሦች አሥራ አራት ወር ሞልቷቸዋል። በዚህ ዕድሜ አማካይ ክብደታቸው ቢያንስ አምስት መቶ ግራም መሆን ነበረበት፤ የሌሎቹ አዳራሾች አምስት መቶ ስልሳ አልፏል። የሰባተኛው አራት መቶ አሥር ነው። «ይዘጋ» ካልኩ ዓሦቹ ተፈጭተው ለሌሎቹ መኖ ይሆናሉ። አሳዳጊዎቹም ሥራቸውን ያጣሉ፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ቀዝቃዛ ቤት የለውም። ባለፈው ዓመት ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ ዘጠኝ ሰዎች ከጣቢያው ወጥተዋል፤ ሐጋዩን፣ የአፋርን የሙቀት ወራት፣ የተሻገሩት ሦስት ናቸው። ይህን ቁጥር ያገኘሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ማንም አልደበቀውም።

የሰባተኛው አዳራሽ የጠዋት ፈረቃ አሳዳጊ ሞሚና ሐንፈሬ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ አንቱ እላታለሁ፤ እሷ አንተ ትለኛለች። አማርኛዋ ማዕረግ አያውቅም፤ ለኃላፊውም ለጽዳት ሠራተኛውም ያው ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ «እሷ» ብዬ የምጽፈው ራሷ ስላዘዘችኝ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ሰናይት ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገርና የማትዋሽ ሴት። የመጀመሪያውን ቀን እሷ አዞረችኝ።

«መኖው ያው ነው፣ ውኃው ያው ነው፣ ጥግግቱም ያው ነው» አለችኝ። «አዳራሹ ግን ከሁሉም አሮጌ ነው። መኖ የሚረጨው ማሽን ባለ አንድ አፍ ነው። ድሮም ባለ አንድ አፍ ነበር እርግጥ፤ ያኔ ግን ከሁሉም አዳራሽ የሚበልጠው ሰባተኛው ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥቅምት።»

«ጥቅምት ላይ ምን ሆነ?»

«ምንም» አለች። ጥቂት አሰበችና፣ «ፈረቃ ለየን» ብላ ጨመረች።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሽታ ገብቶ ሁለት አዳራሽ ሙሉ ዓሣ ጨርሷል። በሽታው ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ የሄደው በሰው እግር ነው። ስለዚህ ከጥቅምት ወዲህ የጠዋት ፈረቃ በአንድ በር ይገባል፣ የማታው በሌላ በር፤ መኖሪያቸውም በሁለት ክንፍ ተከፍሏል። የአንዱ ክንፍ ሰው የሌላውን ክንፍ ሰው አያገኝም። ድሮ ፈረቃ ሲቀያየሩ አርባ ደቂቃ ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር፤ ያ ቀረ። አሁን የሚወጣው ለስክሪኑ ይነግራል፣ ስክሪኑ ለሚገባው ይነግራል። ከዚያ ወዲህ በሽታ የሚባል አልታየም። ሰናይት ይህን የነገረችኝ ሳትኩራራ ነው፤ ብትኮራም መብቷ ነበር።

አራት ቀን ለካሁ። መኖው ከዝንብ እጭና ከአልጌ የተሠራ፣ ግማሽ በግማሽ ፕሮቲን ነው፤ ከሌሎቹ አዳራሾች አንድ ግራም አይጎድልም። ኦክስጅኑ ልክ ነው፣ ቅዝቃዜው ልክ ነው፣ ጥግግቱ መቶ ሰማንያ ነው። ከገንዳው ሥር የሚቀር መኖ የለም፤ የቀረበው ሁሉ ይበላል። እየበላ የማያድግ ዓሣ! አሳዳጊዋ አንድ ነገር ደብቃኛለች ብዬ ጠረጠርኩ።

ሞሚናን በቅጹ ጠየቅኋት።

«ዓሦቹ ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«የሚተርፍ መኖ አለ?»

«የለም።»

«መጨናነቁስ?»

«እንደታዘዘው ነው።»

«የታመመ አለ?»

«የለም። ይኼን ሁሉ ተናግሬአለሁ።»

በየቀኑ ጠየቅሁ፤ በየቀኑ ያንኑ መለሰች፤ በየቀኑም መጨረሻው «ተናግሬአለሁ» ነበር። ትሕትና የጎደላት መሰለኝ። ሥራዋን ግን ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ሠላሳ ሁለት ገንዳ ሲኖራት በእያንዳንዱ ዳር ቁጢጥ ብላ ትቆያለች፤ እጇን ውኃ ውስጥ አትከትም፣ ጥላዋን እንኳ ከውኃው ላይ ታርቃለች። ግድግዳው ላይ እጀታው ሦስት ሜትር የሚሆን የዘንባባ መጥረጊያ ተሰቅሏል፤ አቧራ ለብሷል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሰሌን ያለ ምክንያት ከተነካ አንድ ቀን ሙሉ መብላት ይተዋል አለችኝ። ምክንያቱን ካላወቅህ አትነካውም።

በአምስተኛው ቀን «ይዘጋ» የሚለውን ረቂቅ ጻፍኩ። አንድ ልማድ አለኝ፤ መሥሪያ ቤቴ አይወድልኝም። የመዝጊያ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአሳዳጊው ፊት ለፊት እነግራለሁ። ሞሚና ፈረቃዋን ጨርሳ በምሥራቁ ክንፍ ኮሪደር ጫፍ፣ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ሰው ላይ ቆሞ «ቤትዎን ሊወስዱብዎ ነው» አይባልም፤ ካፖርቴን ሰብስቤ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ሻሿን አስተካከለች።

«እሺ» አለች። «ጀምር።»

«ምኑን?»

«ከየት ተነሣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ወይዘሮ ሞሚና፣ የመጣሁት ስለ አዳራሹ አንድ መጥፎ ነገር ልነግርዎ...»

«እሱ መጨረሻው ነው። መጨረሻውን በመጨረሻ ትነግረኛለህ። ዛሬ ከተነሣህበት ጀምር።»

ስለ ዳጉ ሰምቼ ነበር፤ ያልሰማ ማን አለ? ሁለት የአፋር ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው መንገድ ላይ ያዩትንና የሰሙትን በቅደም ተከተል ይለዋወጣሉ፤ የሚጨመር የለም፣ የሚቀነስ የለም። እኔ ግን የሰላምታ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ከዚያች ሴት ፊት ተቀምጦ ማወራረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ስንት ሰዓት እንደተነሣሁ ነገርኳት። ቁርስ ላይ ማን አጠገብ እንደተቀመጥኩ ነገርኳት። «ማሽኑ ዛሬ ዘግይቷል» ስል አቋረጠችኝ።

«አየህ ነው ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

ስሙን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጠልኩ። አሥራ ሁለተኛው ገንዳ ዳር በአምስት ሰዓት ገደማ አንሸራትቶኝ ልወድቅ ነበር፤ የገንዳውን ጠርዝ ስይዝ ዐይኔ ውኃው ውስጥ ጭራው ላይ ነጭ ነጥብ ያለው አንድ ትንሽ ሰሌን ላይ አረፈ። ከማሽኑ አፍ ሥር፣ በሦስት ትልልቅ ዓሦች ተጭኖ ተኝቶ ነበር። ይህን ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ሁሉን ንገር ስለተባልኩ ነው።

ሞሚና፣ «እኔም ጎህ ሲቀድ ከሥር አይቼዋለሁ» አለች። «ትናንትም ከሥር ነበር። ከትናንት ወዲያም። እሱን እኮ ስንት ቀን ነገርኩ።»

«ለማን ነው የነገሩት?»

«ለስክሪኑ ነዋ። ለሁመድ ይንገረው ብዬ። ለእናንተም ይነግራችኋል ብለውናል። አንተ ያን ሁሉ ሰምተህ የመጣህ መስሎኝ ነበር።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ስምንት ወር ሙሉ እኔ ብቻ ስናገር ቆየሁ። ስክሪን ዳጉ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ደብቃ አለፈች እንዳልባል ነው የምናገረው። ዛሬ ገና ሰው መለሰልኝ።»

ሁመድ ያዮ የማታው ፈረቃ አሳዳጊ ነው።

«ሁመድስ አይመልስልዎትም?»

«ሁመድ ተቀይሞኛል» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ዳጉ ሰጥተኸው ያልመለሰ ሰው ወይ ጠላት ሆኗል ወይ ሞቷል። እንዳልሞተ አውቃለሁ፤ ጠዋት ስገባ ገንዳው ዳር የጫማው ውኃ ገና አይደርቅም።»

«ስልክ ደውለው ለምን አይጠይቁትም?»

«ተቀይሞኝ እኔ ልደውል?»

መጨረሻውን ሳልነግራት ተነሣሁ። እሷም አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ ጠዋት መዝገብ ክፍል ገባሁ። የፈረቃ መረከቢያው ቅጽ አሥራ አንድ ሣጥን አለው፦ የተበላ መኖ፣ የሞተ ዓሣ፣ የውኃ ሙቀት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስክሪኑ ከሰው ንግግር ውስጥ ለእነዚህ ሣጥኖች የሚሆነውን ለቅሞ ለሚገባው ፈረቃ ያሳያል። የተረፈው አሥራ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል። የሣጥኑ ስም «ሌላ» ነው። በሰባተኛው አዳራሽ «ሌላ» ሥር አራት መቶ ሰባ ሁለት የድምፅ ቅጂ አገኘሁ፤ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ገደማ። ከአጠገቡ «የተከፈተበት ብዛት» የሚል አምድ አለ። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው።

ሁሉን ለመስማት ሌት ተቀን ብቀመጥ አሥራ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ ስክሪኑ የአሥራ ሁለተኛውን ገንዳ ነገር ብቻ እንዲመርጥልኝ አዘዝኩትና ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሁለት ቀን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

እንዲህ ያለ ምስክርነት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ብዙ ዘገባ አንብቤአለሁ፤ የራሴንም ጨምሮ ግማሹ ግምት ነው። ሞሚና ግን ያየችውን «አየሁ»፣ የሰማችውን «ሰማሁ» እያለች ገንዳ በገንዳ ትሄዳለች። ዓሦቹን በምልክታቸው ታውቃቸዋለች፤ ጭራ ነጭ፣ ክንፈ ስንጥቅ፣ ጎኑ ላይ እንደ ፊደል ያለበት። ስሕተቷንም አትዘልም። ኅዳር ላይ «ትናንት ክንፈ ስንጥቅ በምዕራብ ጫፍ ነው ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ፤ በምሥራቅ ነው» ትላለች። ሁመድም ከእሷ የተማረ ነውና በየማለዳው፣ በዚያው አነጋገር፣ ለዚያው ባዶ ክፍል ይናገራል።

ስክሪኑ ስለ ገንዳው ብቻ አልመረጠልኝም፤ ከአጠገቡ የተባለውንም ትቶልኛል። ሞሚና በኅዳር መጀመሪያ፣ «ሁመድ፣ ሚስትህ ደረሰች ወይ? ደርሳለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አላየሁም» ትላለች። ሁመድ በዚያው ወር፣ «ሞሚና፣ ሚስቴ ወልዳለች። ሴት ናት። ስም አልወጣላትም፤ አንቺን እየጠበቅን ነው» ይላል። በማግሥቱ ይደግመዋል። ሰባት ቀን ይደግመዋል። በስምንተኛው ቀን፣ «ስም አውጥተንላታል» ብሎ ወደ አንደኛው ገንዳ ያልፋል። ታኅሣሥ ላይ ሞሚና፣ «ሁመድ፣ ምን አድርጌህ ነው?» ትላለች። ከአራት ቀን በኋላ ሁመድ፣ «ሞሚና፣ ምን አድርጌሽ ነው?» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ስለ ዓሣ እንጂ ስለ ራሳቸው ተናግረው አያውቁም። ስለ ዓሣው ግን አንድም ቀን አላቋረጡም።

አፈርኩ። ያን ቅጽ ካጸደቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

የጠዋቱንና የማታውን ድምፅ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሰሌኖች ሲደራረቡ ማየት ለአንድ ፈረቃ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ሁሌም ይደራረባሉ። ጠዋት ከሥር የነበረው ማታ ከላይ ከሆነ ጤና ነው። በአሥራ ሁለተኛው ገንዳ ሁለቱ ሰዎች በምልክት የሚያውቋቸው ሠላሳ አንድ ዓሦች አሉ፤ ከእነዚህ ሃያው ከጥር ጀምሮ ጠዋትም ከሥር ናቸው፣ ማታም ከሥር ናቸው። ሞሚና ጠዋቱን ታውቃለች፤ ሁመድ ማታውን ያውቃል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ግን በጣቢያው ውስጥ አልነበረም።

የገንዳውን ዓሦች በመረብ አስወጥቼ እንደ ደንቡ በቅርጫት ሳይሆን አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ከሦስት አንዱ ሰባት መቶ ግራም አልፏል። የቀሩት ሁለት እጅ ከሁለት መቶ ሃምሳ ብዙም አይርቁም። አማካዩ አራት መቶ አሥር ነው፤ አራት መቶ አሥር ግራም የሚመዝን አንድ ዓሣ ፈልጌ ግን አጣሁ።

መኖው የሚወድቀው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ጉልበተኞቹ እዚያው ይተኛሉ፣ መኖ ሲወርድ ቀድመው ይነሣሉ፣ በልተው ተመልሰው በደካሞቹ ላይ ይነጠፋሉ። የቀረበው መኖ ሁሉ ይበላል፤ በላተኞቹ ግን በየቀኑ እነዚያው ናቸው። ጥግግቱም መቶ ሰማንያ ነው፤ በአንዱ ጫፍ አራት መቶ፣ በሌላው ጫፍ ባዶ ወለል። ቀድሞ ሞሚናና ሁመድ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ የትኛው ዓሣ ከሥር እንደከረመ ይለዩ ነበር። ያን ክምር ብቻ በመጥረጊያው ቀስ አድርገው ይበትኑና በባዶው ጫፍ አንድ እፍኝ መኖ በእጃቸው ይጥላሉ። ባለ አንድ አፉን ማሽን ሁለት አፍ ያደረጉት እነሱ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሮጌው አዳራሽ አንደኛ ሲወጣ ለምን ብሎ የጠየቀ አለቃ አልነበረም።

ሁለቱን ቅርጫት ተሸክሜ ሰናይት ቢሮ ገባሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ትልልቆቹን በአንድ በኩል፣ ትንንሾቹን በአንድ በኩል። የሞሚናንና የሁመድን ታኅሣሥ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ፈረቃውን የለየሁት እኔ ነኝ» አለች።

«በሽታውንም ያስቆሙት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ። ሁለቱም እውነት ነው።» ትንሹን ዓሣ በጣቷ ነካች። «ክንፎቹን አልቀላቅልም፤ በሽታው ተመልሶ ቢገባ ሰባተኛውን ብቻ አይደለም የሚጨርሰው። መስተዋት ግን ማስገባት እችላለሁ።»

በሦስት ቀን ውስጥ አስገባች። በሰባተኛው አዳራሽ ጫፍ፣ ሁለቱን ክንፍ የሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ወለሉን ነክቶ ሰው ተቀምጦ የሚተያይበት ሰፊ መስተዋት፤ ድምፅ የሚያሳልፍ ወንፊት ከሥሩ። ኃላፊ የሆነ ሰው ስሕተቱን በዚህ ፍጥነት ሲያርም አይቼ አላውቅም፤ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሰው አደነቅሁ ማለት ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ይቀጥል» ላይ ፈረምኩ። ደንቡ አማካዩ ከአምስት መቶ በታች ሆኖ «ይቀጥል» ብሎ ለፈረመ መዛኝ ሰባ ቀን ይሰጣል። በሰባኛው ቀን አማካዩ አምስት መቶ ካልደረሰ አዳራሹ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ይዘጋል፤ መዛኙም ከእንግዲህ መዛኝ አይሆንም። ለሞሚና ይህን ሁሉ ስነግራት፣ «አንተን አይመለከትህም ነበር» አለችኝ። ምስጋና ነበር መሰለኝ።

ከመሄዴ በፊት የመጀመሪያውን ዳጉ በመስተዋቱ አየሁ። ሞሚና በወዲህ ተቀመጠች፣ ሁመድ በወዲያ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ዐይኑን ከወለሉ ለማንሣት ጊዜ ወሰደበት። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ልጅቷ ማን ተባለች?»

«ዳሂራ።»

«ጥሩ ስም ነው። እኔም ብሆን እሱን ነበር የማወጣው።» ቀጥላም፣ «ይኼን የምልህ ለማስደሰት አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ሁመድ።

ከዚያ እሱ ከኅዳር ጀመረ። እሷም ከኅዳር ጀመረች። አርባ ደቂቃ ተፈቅዶ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ማንም አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ሞሚና ተነሥታ መጥረጊያውን ከግድግዳ አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች፣ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። አሥራ ሁለተኛው ገንዳ ጋ ደርሳ የዘንባባውን ጫፍ ብቻ ውኃው ውስጥ አስገባች። ክምሩ ላይ ስታደርሰው ውኃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከላይ ያሉት አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ከሥር የነበሩት መጫኑ እንደቀረላቸው ገና ያወቁ አልመሰሉም፤ ባሉበት ቆዩ። እሷም በባዶው ጫፍ አንድ እፍኝ መኖ ጣለችና እስኪመጡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። እስኪመጡ ድረስ ሃያ ደቂቃ ቆመን አየን።

ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ በአራት ካሬዬ ከረምኩ። ለማንም አልደወልኩም። ቁጥሩን ቀድሞ ማወቅ እችል ነበር፤ በወሬ ማወቅ አልፈለግሁም። መስከረም ሲገባ ተመልሼ ካፖርት ፈርሜ ወሰድኩ።

በሰባኛው ቀን ጠዋት ሚዛኑ አዳራሹ መካከል ተተከለ። የማታው ፈረቃ በመስተዋቱ ወዲያ ሙሉ ለሙሉ ቆሟል፤ ሁመድ ሴት ልጁን ታቅፎ መጥቷል። ሰናይት ቅጹን ይዛለች። ሞሚና ዓሣውን በመረብ እየጠለፈች ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ እመዝናለሁ። አንድ በአንድ እንዲመዘን የጠየቅሁት እኔ ስለሆንኩ ማንም አላማረረም። ከሠላሳ ሁለቱ ገንዳ ናሙናው እስኪያልቅ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየን።

ስክሪኑ ደመረና አካፈለ። አምስት መቶ ሃያ ስምንት።

ሰናይት ዐይኗን ጨፈነች። በመስተዋቱ ወዲያ ሰዎች እርስ በርስ ተያያዙ። እኔም ደስ አለኝ፤ ካፖርቴን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልኩት። ያቺ ሴት ቤቷ ውስጥ ትኖራለች። በሐጋይ ማንም ወደ ውጭ አይልካትም።

ሞሚና ከሚዛኑ አልተንቀሳቀሰችም።

«ትንሹ ስንት ሆነ?» አለች።

«የቱ ትንሹ?»

«ከሁሉም ትንሹ።»

ስክሪኑ ይህን አያሳይም፤ ተጠይቆም አያውቅም። ወደ ኋላ ተመልሼ የመዘንኩትን አንድ በአንድ ፈለግሁ።

«ሦስት መቶ ሠላሳ አራት» አልኳት። «ሃያ ሦስተኛው ገንዳ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ገና ነው» አለችና መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ሃያ ሦስተኛው ገንዳ ሄደች።

ሰናይት ቅጹን ዘረጋችልኝ። «ይቀጥል» ላይ ፈረምኩ። አምስት መቶ ሃያ ስምንት የሚለው ቁጥር ቀድሞ ታትሞ ነበር፤ ከጎኑ በብዕር ሦስት መቶ ሠላሳ አራት ብዬ ጻፍኩ።